ማዳም ሃዋ እና የእናቴ ፍሪጅ

ማዳም ሃዋ ሞተች። ወሬውን ያመጣልን ጉሌድ ነው፤ ፓስታና የዱቄት ወተት ጭኖ ከጅቡቲ ጅጅጋ የሚመላለሰው ሹፌር። የሱቃችን ደረጃ ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ «ያቺ አውበሬ እናንተ ቤት ከርማ የነበረችው አሮጊት አረፈች» አለን። እናቴ ሩዝ እየመዘነች ነበር። እጇ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረና «ነፍስ ይማር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምላሷን ለብቻው ይማረው» ብላ ጨመረችበት። እኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ሞት እንዴት ደፈራት?» የሚል ነው።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማንሳት ወግ ነው። ስለ ማዳም ሃዋ ደግ ደጉን ብቻ ብጽፍ ግን ከመቃብሯ ቀና ብላ «ናያ! ይቺ የጻፍሻት ሴትዮ ማን ናት?» የምትለኝ ይመስለኛል። ናያ በሶማሊኛ «አንቺ!» እንደ ማለት ነው፤ ገበያ ውስጥ ሴት ስትጠራ የምትሰሙት። ስሜን በወጉ ጠርታኝ አታውቅም። እኔ ለእሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን ናያ ነበርኩ። ስለዚህ እንደ ነበረች እጽፋታለሁ። ክፉ ነበረች፤ ነገረኛ ነበረች፤ ምስጋና የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ይኼን ሁሉ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚለኝ ብታውቁ!

ያኔ የምንኖረው አውበሬ ነበር። እናቴ ጥሩነሽ መኪና መቆሚያው ዳር ሱቅ ነበራት። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል አለ፤ በአንዱ እኛ እንኖራለን፣ ሌላውን እናከራያለን። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ያን ክረምት ጅጅጋ ነበር የከረመው። ጅቡቲ ሙቀቱ ሰው መጥበስ ሲጀምር አቅም ያለው ሁሉ አየር ፍለጋ ወደ እኛ ወደ ከፍታው ይወጣል። ማዳም ሃዋም በአይሻ በኩል አድርጋ፣ አንድ ሻንጣና የራሷን ትራስ ይዛ፣ ሮመዳን ሊገባ ሲል መጣች።

ረጅምና ደረቅ ያለች ሴት ናት። ጸጉሯ በሂና ብርቱካን መስሏል። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። አማርኛ የለመደችው በወጣትነቷ በባቡር እየተመላለሰች ስትነግድ ነው፤ የማታውቀው ስድብ የለም። «እርስዎ» የሚባለውን ግን ወይ ማንም አላስተማራትም፣ ወይ አልማርም ብላለች። ፖሊሱንም ሼኩንም «አንተ» ነው የምትለው። የሰፈር ልጆች እንደ ደንቡ «አዬዮ»፣ አያት፣ ብለው ሲጠሯት «አዬዮሽ እናትሽን የወለደችው ናት! እኔ ማዳም ነኝ!» ብላ ታባርራቸዋለች።

የመጣች ዕለት እናቴ «እንኳን ደህና መጡ፣ አረፍ ይበሉ» ስትላት አላረፈችም። የክፍሏን በር ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው፣ ደግማ ዘጋችው። የግቢውን በር እንደዚሁ። የጓሮውንም እንደዚሁ። ከዚያ ነው ለሰላምታ እጇን የዘረጋችው።

«በሰው አገር መጀመሪያ የምትተዋወቂው ከበሩ ጋር ነው» አለች። «ሰላምታ ይደርሳል።»

ስትተኛ እንኳ የጫማዋ አፍንጫ ወደ በሩ ዞሮ ነው የሚያድረው።

አዋጁ ያለበት ጊዜ ነበር። አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ወራት አልፈዋል። ኔትወርክ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ መንገዱ ጠዋት ተከፈተ ሲባል ከሰዓት ይዘጋል። ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ «ጸጉረ ልውጥ ሰው ካያችሁ ጠቁሙ» ተባለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እናቴን አያት። ከሩቅ የሚያበራ ጸጉር ያላት ተከራይ ያለችው እኛ ቤት ብቻ ነዋ! ሲወጡ አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ክንዷን ይዛ «ሰላይ ብትሆንስ ጥሩዬ? ዛሬውኑ አስወጫት» አለቻት።

«ይቺ?» አለች እናቴ። «ይቺ ሰላይ ብትሆን የሰለለችውን ሁሉ ጮኻ ነው የምትናገረው።»

እናቴ ወዳት እንዳይመስላችሁ። ኪራይ የሚከፍል ሰው በዚያ ወቅት አይገኝም።

ወዲያው ደግሞ መብራቱ ጀመረው። ሲለው ግማሽ ቀን፣ ሲለው ሙሉ ቀን ይጠፋል። ውኃው በመብራት ስለሚሳብ አብሮ ይሄዳል። ማዳም ሃዋ ይኼን ስታይ ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘጋጅለት የኖረች ነው የምትመስለው። በቤታችን ላይ ሕግ ማውጣት ጀመረች። ሻማ ክልክል ነው፤ ቤት ያቃጥላል። መብራት ከጠፋ መስኮት ዳር ቆሞ ባትሪ ማብራት ክልክል ነው፤ ወታደር ያያል። በስልክ «ብቻችንን ነን» ማለት ክልክል ነው። ውኃ መጣ ከተባለ ከሁሉ በፊት ዕቃ መሙላት ነው፤ መታጠብ የለም፣ ልብስ ማጠብ የለም። መብራት ሲመጣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር «መጣ!» ብዬ ስጮህ ትቆጣኛለች።

«ናያ! መብራት እንደ ባል ነው። ሲመጣ አታጨብጭቢ፣ ሲሄድ አታልቅሺ።»

ሦስት ባል ቀብራለች፤ ስለዚህ ማን ይከራከራታል?

እናቴ ግን ተከራከረቻት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በርሜላችን ባዶ ሆኖ፣ የማዳም ሃዋ ክፍል በጀሪካን ተሞልቶ አገኘችው። ተከራይዋ የአከራይዋን ውኃ ቀድታ ወደ ራሷ ክፍል አስገብታለች!

«ምን ማለት ነው ይኼ?» አለች እናቴ።

«አንቺ ጋ ቢቀመጥ ለመጣው ሁሉ ታድይዋለሽ። እኔ ጋ ይቆያል።»

«የራሴን ውኃ?»

«የራስሽን ውኃ መጠበቅ ካወቅሽበት ለምን እኔ ደከምኩ?»

እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትላት። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንቺ» ሆነች። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ አንቱ ልላት አልቻልኩም።

ከአባባሏ ሁሉ አንዱን ከአፏ አትለየውም ነበር፦ «በሰው አገር ሁለት ነገር አይታይብሽ፤ ገንዘብሽና ሕመምሽ። ገንዘብሽን ያየ ይሰርቅሻል፤ ሕመምሽን ያየ ይነዳሻል።» እኛ እንደ ተረት ነበር የምንሰማት። አሁን ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማውቅ፣ ያኔ ያላወቅነውን እናንተ አውቃችሁ ብታነቡት ይሻላል። ማዳም ሃዋ ስኳር በሽታ ነበረባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች በሕይወት የምትቆይ ሰው አልነበረችም። ኢንሱሊኑ ለብዙ ጊዜ እንዲቀመጥ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። በረዶ ከሠራ ግን ያበቃለታል፤ ቢሟሟም አይሠራም። ያን የክረምቱን መድኃኒት ሁሉ በእናቴ የሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ደብቃው ነበር።

እንዴት እንደደበቀችው ስሙኝ። መድኃኒቱን በትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከተተችው፤ ቆርቆሮውን በገመድ እንደ ሙሽራ ዕቃ ቋጠሮ በቋጠሮ አድርጋ አሰረችው፤ ከዚያ ከለስላሳው ጀርባ አስቀመጠችውና «ሙቅማድ ነው» አለች። ሙቅማድ ሶማሌዎች ሥጋ በትንንሹ ከትፈው፣ አድርቀውና በቅቤ ጠብሰው የሚያስቀምጡት ምግብ ነው። እናቴ ደግሞ ማተቧን ያጠበቀች ኦርቶዶክስ ናት፤ ቀሳውስቱ ብቻ ይጾሙታል የሚባለውን ጾም ሳይቀር ትጾማለች። ሙስሊም የባረከውን ሥጋ እንኳን ልትበላ ቆርቆሮውን አትነካም። ማዳም ሃዋ ይኼን ታውቃለች። በዚያ ቤት የማንም እጅ የማይደርስበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን መረጠች።

እናቴ መጀመሪያ ተቃውማ ነበር። «ሙቅማድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፍሪጅ የሚገባው? ወራት የሚቆይ ነገር አይደለም እንዴ?»

«የእናንተ አገሩ ይቆያል። የጅቡቲው ካልቀዘቀዘ ይበላሻል።»

«እሺ፣ ከጎመኔ ይራቅ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ማዳም ሃዋ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ቆርቆሮዋን በሻርፕ ሸፍና ወደ ክፍሏ ትወስዳለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትመልሳለች። «ለማንም ሳታቀምስ ብቻዋን ጨረሰችው» እያለች እናቴ ታማታለች። በሮመዳን ደግሞ አንዷ ጎረቤት በመስኮት ማዳም ሃዋን በቀትር ቴምር ስትበላ አየቻት። አቤት የተወራው! ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ «የራሷን ጾም የማታከብር» አላት። የደሟ ስኳር ወርዶ ሊጥላት ሲል አፏ ላይ ቴምር ጣል ማድረጓን ማን ያውቃል? እሷም አልመለሰችም። «አዎ በላሁ። ጥሩ ቴምር ነው» ብቻ ነው ያለችው።

የፍሪጁ ጦርነት ግን ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ አንድ የመኪና ረዳት መጣና «ቀዝቃዛ ለስላሳ ስጪኝ» አለ። እናቴ ዞር ስትል ማዳም ሃዋ ወንበሯን የፍሪጁ በር ላይ አስደግፋ ተቀምጣበታለች።

«ተነሺልኝ» አለች እናቴ።

«አልነሳም። መብራት በሌለበት ፍሪጅ አይከፈትም።»

«ፍሪጁ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። ብርዱ ግን የሁላችንም ነው። በከፈትሽው ቁጥር ብርዱ ይወጣል። ብርድ እንደ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

«እንግዳማ አልወጣ ብሎኛል!»

ረዳቱ በሳቅ ወደቀ። ለስላሳውን ግን ሞቃቱን ጠጥቶ ነው የሄደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሲጠፋ ማዳም ሃዋ ፍሪጁን ዙሪያውን በገመድ ታስረዋለች፤ እናቴ በቢላዋ ትቆርጠዋለች። አንድ ጥቅል ገመድ በዚሁ አለቀ። እኔ ጥግ ይዤ ማን እንደሚያሸንፍ አያለሁ። ሲኒማ የሌለበት ከተማ ውስጥ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢድ አለፈ። የእናቴ የሰኔ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። መንገዱ ዝግ ስለነበር ጠጋኝ የሚመጣበት የለም፤ መብራቱ ጭራሽ ጠፋ። ማዳም ሃዋ ጠዋት ተነስታ ወደ አይሻ የሚወጣ መኪና ይኖር እንደሆነ ልትጠይቅ ወጣች። እናቴም የመብራቱ መጥፋት ሲረዝም ሴት ሁሉ የምታደርገውን አደረገች፤ ፍሪጁን ዘርግፋ ማጠብ ጀመረች። ከለስላሳው ጀርባ ቆርቆሮው ወጣ።

እጇን በፌስታል ጠቅልላ አነሳችው። አንዴ ቆርቆሮውን፣ አንዴ ፀሐዩን አየች።

«እዚሁ ፀሐይ ላይ ይክረምላት» አለች። አስቀመጠችው። ጥቂት እንደቆየች ደግሞ ተመልሳ አነሳችው። «ጾም ላይ ነኝ፤ ክፋት ይቅርብኝ። ካልቀዘቀዘ ይበላሻል ብላ የለ? ነይ እስቲ፣ አብዲ ጋ ውሰጂው። የሷ ሥጋ ነው፣ በደንብ ይቀዝቅዝ በይው።»

አብዲ ጀነሬተር ያለው ብቸኛ ምግብ ቤት ባለቤት ነው። ቆርቆሮውን ተቀበለኝና በትልቁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከግመል ሥጋው ሥር፣ እስከ ታች ድረስ ቀበረው። «ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ እየሳቀ፣ «ድንጋይ ነው የሚሆነው!»

ማዳም ሃዋ ያለ መኪና ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ፍሪጁ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ባዶውን ያብረቀርቃል።

«የታለ?»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ኮርታ አታውቅም። «አብዲ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ድንጋይ ሆኖልሻል። አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ብትይኝ አፍሽ አይጣመምም።»

ማዳም ሃዋ ዞራ ወደ አብዲ ምግብ ቤት ሄደች፤ ቆርቆሮዋን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች፤ ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

«አየሽልኝ?» አለችኝ እናቴ። «ደግ ሲውሉላት ነው ምላሷ የሚታሰረው።»

የሚያስቀው ነገር፣ ካሳቀ፣ ያኔም አልተናገረችም። «መድኃኒቴ ነው፣ ገደላችሁት» ብትል የምንችለውን እናደርግ ነበር። እሷ ግን ሕመሟን ከማሳየት የሞተውን መድኃኒት ወስዳ መወጋት መረጠች። ውኃ መወጋት ማለት ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ውኃ መጠጣት ጀመረች። ጀሪካን በጀሪካን ጨረሰች። የራሷ ሲያልቅ ወደ እኛ በርሜል መጣች።

«ግመል ነሽ?» አለቻት እናቴ።

«ግመል ብሆን ጥዬሽ እሄድ ነበር።»

በማግሥቱ እናቴ ስትሰድባት መልሱ ዘገየ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ መልስ ጠፋ። እናቴ «አንቺ ውኃ ጠጪ! አንቺ በርሜል!» ብላ ጠበቀች። ማዳም ሃዋ ግድግዳውን ይዛ አልፋት ሄደች። እናቴ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ተለዋውጧል።

«ይቺ ሴትዮ ታማለች።»

«በምን አወቅሽ?»

«አልመለሰችልኝማ!»

ተከትለናት ስንወጣ በርሜሉ ሥር ወድቃ አገኘናት። አስታውካለች። ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ሙዝ ይሸታል። እናቴ ብብቷን፣ እኔ እግሯን ይዘን አልጋዋ ላይ አስተኛናት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ቆርቆሮው… ቆርቆሮው…» ትላለች።

«አሁን ሥጋ አማረሽ?» አለች እናቴ። ግን ቆርቆሮውን አወረደችው። ቋጠሮው አልፈታ ሲላት በጥርሷ ሞከረችው፣ ከዚያ በቢላዋ በጠሰችው። ያን ጊዜ ፌስታሉም ጾሙም ትዝ አላላትም። ክዳኑን ከፈተች። ጥጥ። መርፌ። ብልቃጦች፤ ውስጣቸው ያለው ነጭ ነገር ፍርፋሪ ሆኗል።

«ሥጋው የታለ?» አለች እናቴ።

«ሥጋ የለም» አለች ማዳም ሃዋ። «ስኳር አለብኝ። እንዳትነኪው ብዬ ነው ሥጋ ያልኩሽ። መድኃኒቴን በረዶው ገደለው።»

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማን ወደ ፍሪዘር እንደላከው አስታወሰች መሰለኝ፣ ብልቃጡን እንደ እሳት ለቀቀችው።

«ለምን አልነገርሽኝም? ለምን?»

«ትጠይኛለሻ።»

«አዎ እጠላሻለሁ! ብጠላሽስ፣ እገድልሻለሁ?»

ማዳም ሃዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «አሁን ምን አደረግሽ ታዲያ?»

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ በሩ ሮጠች።

ባጃጅ ጠራን። ጤና ጣቢያው ኢንሱሊን አልነበረውም፤ «የስደተኞቹ ካምፕ ክሊኒክ በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ አለው፤ እዚያ አይጠፋም፤ ቶሎ በሉ» አሉን። ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በአዋጁ ምክንያት ግን መግቢያው ላይ ኬላ አለ፤ የውጭ አገር ሰው ያለ ፈቃድ አይገባም። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ስለሆነ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ዝግ ነው። ባጃጁ ላይ እናቴ ማዳም ሃዋን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ማተቧን ይዛለች። እየጸለየች ነው ወይስ እየተራገመች አላውቅም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ወታደሩ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የደጋ ሰው መሆኑን ይናገራል። አንገቱን አስግጎ አየን።

«እኚህ ማናቸው?»

«እናቴ ናት» አለች እናቴ።

ወታደሩ የእናቴን ማተብ አየ። የማዳም ሃዋን ሂና አየ። እናቴ አጭር ናት፣ ቀይ ናት፣ ክብ ናት። ማዳም ሃዋ ስልክ እንጨት ናት። ባለ ባጃጁ ወደ መሪው አቀረቀረ።

«እናትሽ?» አለ ወታደሩ።

ያን ጊዜ ነው ማዳም ሃዋ ከዚያ ከሞት ጫፍ ላይ ድምፅ ያወጣችው። «ውሸቷን ነው! እኔ እንደዚህ ያለች አልወለድኩም!»

አበቃልን፣ አልኩ።

«ብወልዳት ኖሮ» ቀጠለች ማዳም ሃዋ እያቃሰተች፣ «ፍሪጅ አያያዝ አስተምራት ነበር።»

«አየህ?» ብላ ጮኸች እናቴ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «አየህልኝ ወንድሜ? እየሞተች እንኳ አትምረኝም! ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስታቃጥለኝ ነው የምትውለው!»

ወታደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። «የእኔም እናት እንዲህ ናት» አለ። የኬላውን ገመድ ዝቅ አደረገው። «በሉ እለፉ፤ ፍጠኑ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ጎረምሳ የመሰለ ነርስ ተቀበለን። ደሟን አየ፤ ደነገጠ፤ ውኃ ሰቀለላት፤ መርፌ ወጋት። እኔና እናቴ ከክሊኒኩ ድንኳን ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅን። ጥላው ዞሮ ፀሐይ ላይ እስኪጥለን ድረስ እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ከውስጥ «ይኼ መርፌ ነው ወይስ ጦር?» የሚል ድምፅ ሰማን። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነርሱ ሲወጣ አዲሱ መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአፈር ማሰሮ እንዴት እንደሚቀመጥ ለእናቴ አሳያት። «እናትየው» አላት፣ «አንድ ነገር ይወቁ። ስኳር ደግሞ ከልክ በታች ሊወርድባቸው ይችላል። ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጡ ወይም የማይሆን ነገር ከተናገሩ፣ ቶሎ ስኳር ያጠጧቸው።»

«ዶክተር» አለች እናቴ፣ «ከተቆጣች ካልከኝማ በሱቄ ያለው ስኳር አንድ ሳምንት አይበቃንም።»

ታረቁ ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። አልታረቁም። እናቴ ማሰሮውን በቀን ብዙ ጊዜ ውኃ ታርከፈክፍበታለች፣ እያርከፈከፈች ትራገማለች። ማዳም ሃዋ ከአልጋዋ ሆና «አበዛሽው! ልታሰጥሚው ነው?» ትላለች። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ግን እናቴ «ብርድ መቷት ነው» ትላለች። አንድም ቀን «ስኳር» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ለአባቴም እንኳ አልነገረችውም።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት አይሻ የሚሄድ መኪና ተገኘ። ሻንጣውን እናቴ ራሷ ተሸከመችው፤ «ቶሎ እንድትሄጂልኝ ነው» አለቻት። መኪናው ጋ ስንደርስ ሻንጣውን አላስረክብ አለች።

«ጅቡቲ ያለው ልጅሽ ያውቃል?»

«ምኑን?»

«ስኳሩን ነዋ!»

«አያውቅም።»

«አብራችሁ እየኖራችሁ? የወለድሽው ልጅ?»

«በእሱ ቤት ነው የምኖረው» አለች ማዳም ሃዋ። «የልጅም ቤት የሰው አገር ነው።»

እናቴ ቆጣ አለች። «ባለፈው በእኔ ስልክ ደውለሽለታል፤ ቁጥሩ አለኝ። ደውዬ እነግረዋለሁ። አንድ ሰው እንኳ ይወቅልሽ እንጂ!»

ማዳም ሃዋ አንድ እግሯ መኪናው ላይ ወጥቷል። ዞር ብላ ጣቷን እናቴ አፍንጫ ላይ ቀሰረች።

«ብትነግሪው፣ ወላሂ፣ ተመልሼ እመጣብሻለሁ!»

በሩን ራሷ ጎትታ ዘጋችው። እጇን እንኳ አላውለበለበችም።

እናቴ አልደወለችም። ምስጢር ጠብቃ ይሁን፣ እውነት ተመልሳ እንዳትመጣብን ሰግታ ይሁን፣ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ልጆቿ «ምንም ሕመም አልነበረባትም፤ ድንገት ነው የሆነብን» እያሉ እንደሚያለቅሱ ጉሌድ ነገረን። እናቴ ይኼን ስትሰማ የሚመዘነውን ሩዝ ትታ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ስልኳን ይዛ ያን ቁጥር እያየች ነበር።

«ምነው በነገርኩት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለስልኩ። «እየተሳደበች ትመጣልኝ ነበር።»